አንድ ጥርስ ምን ያህል ይመሰክራል?

የመጀመሪያዎቹ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች መቼ፣ የት፣ ከእነማን ጋር ኖሩ ብሎ የሚጠይቅ ተመራማሪ እጅ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ማስረጃ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ ጫፉ የተሸረፈ፣ ሥር የሌለው አንድ ጥርስ ነው። ራስ ቅል ብርቅ ነው፤ ሙሉ አጽም ደግሞ ከብርቅም ብርቅ። ስለዚህ ስለ ዳይኖሰር ጅማሬ በመጻሕፍት ከምናነበው ውስጥ፣ በዚህ አህጉር ነበሩ፣ በዚያ አልነበሩም፣ በዚህ ጊዜ በዝተዋል ከሚለው ውስጥ፣ ጥቂት የማይባለው መሠረቱ ሲቆፈር በጣት የሚቆጠሩ ጥርሶች ሆኖ ይገኛል። የዛሬው ጥያቄያችን እንግዲህ ጥርሱ ይህን ሁሉ መሸከም ይችላል ወይ የሚል ነው። የእኔን መልስ ከወዲሁ ልናገር። ዳይኖሰሮች ብቅ ባሉበት በትሪያሲክ ዘመን ድንጋይ ውስጥ ብቻውን የተገኘ ጥርስ፣ የቱንም ያህል የዳይኖሰር ቢመስል፣ አብዛኛውን ጊዜ የዳይኖሰር መሆኑን አያረጋግጥም። ያው ዓይነት ጥርስ ከዚያ በኋላ በመጡት ዘመናት ድንጋይ ውስጥ ቢገኝ ግን ባብዛኛው ልናምነው እንችላለን። ልዩነቱ ያለው ጥርሱ ዘንድ ሳይሆን ጎረቤቶቹ ዘንድ ነው፤ በዚያ ዘመንና በዚያ ስፍራ ተመሳሳይ ጥርስ የነበረው ሌላ ማን ነበር በሚለው ላይ።

ትሪያሲክ የምንለው ከዛሬ 252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ እስከ 201 ሚሊዮን ዓመት በፊት የዘለቀው ጊዜ ነው። ያለ ክርክር ዳይኖሰር ከሚባሉት አጽሞች ቀደምቶቹ የተገኙት በደቡብ አሜሪካ፣ በአርጀንቲናው የኢስኪጓላስቶ ሸለቆና በብራዚል ሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል ግዛት ሲሆን፣ ዕድሜያቸው 230 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ነው። ሄሬራሳውረስና ኢኦራፕተር ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ጥርስ ከአጥንት ይልቅ በብዛት የሚገኘው ስለ ሁለት ነገር ነው። የጥርስ ልባስ የባለአከርካሪ እንስሳት አካል ከሚሠራው ነገር ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ጎርፍ አንከባሎት፣ አሸዋ ፍቆት፣ አጥንቱ ዱቄት ሆኖ ሲጠፋ እሱ ይተርፋል። ከዚህም በላይ እነዚህ እንስሳት እንደ ሰው ሁለት ጊዜ ብቻ አብቅለው የሚያቆሙ አልነበሩም፤ ዕድሜ ልካቸውን ጥርስ ይጥላሉ፣ ይተካሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከትሪያሲክ እጅግ ዘግይቶ በማዳጋስካር የኖረው ማጁንጋሳውረስ አንዱን ጥርስ በ56 ቀን ገደማ ይተካ እንደነበር አስልቷል። እንስሳው ሲሞት የሚተወው አጽም አንድ ነው፤ በሕይወት ሳለ የሚጥለው ጥርስ ግን በመቶ የሚቆጠር ነው። በተፈጥሮ የወለቀ ጥርስ፣ ከሥሩ የሚያድገው ተተኪ ሥሩን ስለሚያሟሟው፣ ግርጌው ጎድጉዶ ይገኛል። ሥሩን ይዞ የተገኘ ከሆነ ግን ባለቤቱ ሲሞት ገና መንጋጋው ላይ ተተክሎ ነበር ማለት ነው። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ ጥቂት ቆይታ ትጠቅመናለች።

ጥርሱን በማጉያ መነጽር ሥር እናስቀምጠው። ጎንና ጎኑ ተጨፍልቆ ስስ ሆኗል፤ ጫፉ ወደ ጉሮሮ አቅጣጫ ጎብጧል። አንድ የፊት፣ አንድ የኋላ ጠርዝ አለው፤ ሁለቱም ላይ በባዶ ዓይን እምብዛም የማይለዩ ጥርሳጥርሶች እንደ መጋዝ ተደርድረዋል። ባለሙያው የሚጀምረው ከመቁጠር ነው። በ5 ሚሊሜትር ውስጥ ስንት ጥርሳጥርስ አለ? የፊቱ ጠርዝ ላይ ያሉት ከኋላው ያንሳሉ ወይስ እኩል ናቸው? ጫፋቸው የዶለዶመ ነው ወይስ ወደ ጥርሱ ጫፍ ያዘመመ? የፊቱ ጠርዝ እስከ ግርጌ ይወርዳል ወይስ መንገድ ላይ ይቀራል? ጥርሱ ግርጌው ላይ ቢቆረጥ የሚታየው ቅርጽ ሞላላ ነው ወይስ ክብ? ከዚያ ቁመቱ፣ የግርጌው ርዝመትና ውፍረት ይለካል። ጆሹዋ ስሚዝና ባልደረቦቹ በ2005 ይህን ልኬት በሥርዓት አስይዘው ብዙ የታወቁ ሥጋ በል ዳይኖሰሮችን ጥርስ አነጻጽረዋል፤ በ2015 ደግሞ ክሪስቶፍ ሄንድሪክስ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እያንዳንዱ የጥርስ ክፍል በምን ስም ይጠራ የሚለውን ወጥ አድርገውታል። ትልቅ ሥራ ነው፤ ከዚያ በፊት አንዱ ተመራማሪ የጻፈውን ሌላው ከራሱ ናሙና ጋር ለማስተያየት ይቸገር ነበር። ይህ ሁሉ ልኬት በትክክል የሚመልሰው ግን ጥርሱ ምን ዓይነት ቅርጽ አለው የሚለውን ነው። የማን ነው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ድልድይ ያስፈልጋል።

ድልድዩ የሚሰበረው ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ስስ፣ የጎበጠ፣ ጠርዙ መጋዝ የሆነ ጥርስ ሥጋ ለመቁረጥ የተመቸ መሣሪያ ስለሆነ፣ ሥጋ የሚቆርጥ ሁሉ ከጊዜ ብዛት ወደዚያው ቅርጽ ይደርሳል። ማሳ ውስጥ ወድቆ የተገኘ ማጭድ ምን ይታጨድ እንደነበር ይናገራል፤ የአጫጁን ዘርና አገር ግን አይናገርም። በ2014 ክርስቲን ብሪንክና ሮበርት ራይዝ እንዳሳዩት፣ የብስ ላይ ይህን ዓይነት ባለመጋዝ ጥርስ ቀድሞ ያበቀለው እስካሁን በታወቀው ዳይሜትሮዶን ነው። እሱ የኖረው ዳይኖሰር ከመታየቱ በብዙ አሥር ሚሊዮን ዓመታት ቀድሞ፣ በፐርሚያን ዘመን ሲሆን፣ በዝምድናም ከዳይኖሰር ይልቅ ለእኛ ለአጥቢዎች ይቀርባል። ዛሬም ኢንዶኔዢያ ውስጥ የሚኖረው የኮሞዶ አርጃኖ የዚሁ ዓይነት ጥርስ ባለቤት ነው። በካናዳዋ የፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት በ1845 የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር የወጣ ባለጥርስ መንጋጋ ጆሴፍ ላይዲ ባቲግናተስ የሚል ስም ሰጥቶት፣ አንድ ጊዜ የዳይኖሰር መንጋጋ ተደርጎ ታስቦ፣ በ2015 የዳይሜትሮዶን አንዱ ዝርያ መሆኑ ታውቋል። ለትሪያሲክ የምንጨነቀው ደግሞ በዚያ ዘመን ይህን ጥርስ የያዘው እንስሳ ከምንጊዜውም የበዛ ስለነበረ ነው። ከአዞ ወገን የሆኑትና አንዳንዶቹ ከአምስት ሜትር የሚበልጡት ራዊሱኪያን የሚባሉት አዳኞች ነበሩ፤ የየብሱ ዋና አዳኞች እነሱ እንጂ ዳይኖሰሮች አልነበሩም። በወንዝና በሐይቅ ዳር ደግሞ አዞ የሚመስሉት ፋይቶሰሮች ነበሩ፤ የእነዚህ ክፋታቸው በአንድ አፍ ውስጥ ፊት ለፊት ክብና ሹል፣ ወደ ኋላ ደግሞ የተጨፈለቀና ባለመጋዝ ጥርስ መያዛቸው ነው። ከአንድ ፋይቶሰር አፍ የወለቁ ሦስት ጥርሶች በሦስት ቦታ ቢገኙ፣ ያልጠረጠረ ሰው ሦስት እንስሳ አድርጎ ሊመዘግባቸው ይችላል።

ይህ በሐሳብ ብቻ የሚቀር ስጋት እንዳይመስላችሁ የቴራቶሳውረስን ታሪክ ልንገራችሁ። በ1861 ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ማየር በሽቱትጋርት አካባቢ ከተገኘ የትሪያሲክ አሸዋ ድንጋይ የወጣ አንድ የላይኛ መንጋጋ ገለጸ፤ ትልልቅ፣ የጎበጡ፣ ባለመጋዝ ጥርሶች አሉት። ዛሬ ናሙናው ለንደን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተቀምጧል። በጀርመን፣ በዚያው ዘመን ድንጋይ ውስጥ ረዥም አንገት ያላቸው የፕላቴኦሳውረስ ወገን የሆኑ ቅጠል በል ዳይኖሰሮች አጽም በብዛት ይገኛል፤ አንዳንዴም ከአጽሙ መሃል የሥጋ በል ጥርስ ይወጣል። ፍሪድሪክ ፎን ሁነን የመሰለ፣ በዘመኑ ወደር ያልነበረው ሊቅ መንጋጋውን ከእነዚህ ዓይነት አጥንቶች ጋር አዛምዶ ትልቅ ሥጋ በል ዳይኖሰር አደረገው። ቴራቶሳውረስም ከመቶ ዓመት በላይ ከቀደምቶቹ ግዙፍ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች አንዱ ተብሎ በመማሪያ መጻሕፍትና በሥዕል ሲዞር ኖረ። በ1985 ፒተር ጋልተን፣ በ1986 ማይክል ቤንተን ነገሩን እንደገና ሲመረምሩ፣ መንጋጋው የራዊሱኪያን፣ ከእሱ ጋር የተዛመደው አጥንት ደግሞ የቅጠል በል ዳይኖሰር ሆኖ ተገኘ። ሁለት እንስሳ በአንድ ስም ሲጠሩ ነበር። ቅድም ያዙልኝ ያልኳት ነጥብ የምትጠቅመው እዚህ ነው፤ ሬሳ ላይ የሚበላ አዳኝ እየበላ ጥርስ ይጥላል። ግርጌው ጎድጉዶ ከአጽም መሃል የተገኘ ጥርስ የበላተኛው እንጂ የተበላው ላይሆን ይችላል፤ እንዲያውም በአጽም አቅራቢያ መገኘቱ፣ ለዓይን ቅርብ የሆነውን ግምት የሚያጠናክር መስሎ የሚያሳስት ነው። የሚገርመው፣ ጋልተን ቴራቶሳውረስን ከዳይኖሰር ተርታ ባወጣበት በዚያው በ1985 ሻንካር ቻተርጂ ከቴክሳስ የተገኘውን ፖስቶሱከስ የተባለ ራዊሱኪያን ከቲራኖሳውረስ ጋር ሊያዛምደው ሞክሮ ነበር። እሱ እጁ ላይ የነበረው ራስ ቅልና አጽም ነው። አጽም እንዲህ ካሳሳተ፣ ጥርስ ብቻውን ምን ያደርግ?

ከዚህ የሚከብደው ምሳሌ ግን የሬቭዌልቶሳውረስ ነው፤ የዕፅ በል ጥርስ ጉዳይ ቢሆንም ክርክሩ አንድ ነው። በ1989 ኤድሪያን ሀንት ከአሜሪካዋ የኒው ሜክሲኮ ግዛት በተሰበሰቡ፣ ቅጠል በሚመስሉ ጥርሶች ላይ ተመሥርቶ አንድ አዲስ እንስሳ ሰየመ፤ የኋለኞቹ ባለቀንድና ባለምንቃር ቅጠል በል ዳይኖሰሮች የሩቅ ዘመድ ነው አለ። ግምቱ የዘፈቀደ አልነበረም። ጥርሶቹ ከታወቁት የዚያ ወገን ጥርሶች ጋር በብዙ ነጥብ ይመሳሰላሉ፤ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥርስ ያለው ከዳይኖሰር ውጭ የሆነ የትሪያሲክ እንስሳ አይታወቅም ነበር። ስሙ አንዴ ከቆመ በኋላ ሌሎች ተከተሉት፤ በ1994 ሀንትና ስፔንሰር ሉካስ ቴኮቫሳውረስን፣ ጋልቶኒያን፣ ሉሲያኖሳውረስንና ፔኪኖሳውረስን ሰየሙ፤ ሁሉም የጥርስ ስሞች ናቸው። እንዲህ እንዲህ እያለ የሰሜን አሜሪካ ትሪያሲክ በዚህ ወገን ዳይኖሰሮች የተሞላ ሆኖ ታየ። በ2004 ግን በአሪዞና፣ ፔትሪፋይድ ፎረስት በተባለው ብሔራዊ ፓርክ፣ ዊሊያም ፓርከርና ባልደረቦቹ እነዚያኑ ጥርሶች በአፉ የያዘ ራስ ቅል ከነአጽሙ አገኙ። ቁርጭምጭሚቱ የአዞ ወገን ነው፤ ቆዳው በአጥንት ሰሌዳ የተሸፈነ ነው። እንስሳው ዳይኖሰር አልነበረም። ከባዱ ነገር ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። አንዱ ጥርስ ሲወድቅ ሌሎቹም በእሱ ምሳሌ የቆሙ ስለነበሩ አብረው ተንገዳገዱ፤ በ2007 የወጡት ግምገማዎች የሰሜን አሜሪካን የትሪያሲክ ዳይኖሰሮች አንድ በአንድ ፈትሸው፣ ከዚያ ወገን የሚያስተማምን አንድም ማስረጃ እንደሌለ ደመደሙ። የአንድ አህጉር የእንስሳት ታሪክ የአንድ ቁርጭምጭሚት ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ አድማጭ፣ «ይሁን፤ ጥርሱ የዳይኖሰር መሆኑ ቢረጋገጥስ? ሥጋ በል ከሆነ የቲራኖሳውረስ ቅድመ አያት የሆነው የቴሮፖድ ወገን ነዋ» ሊል ይችላል። ይህም አይሆንም። በ2016 ከብራዚል ቡሪዮሌስቴስ የተባለ ዳይኖሰር ተገለጸ፤ 233 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ፣ ከአጥንቱ ሲታይ ኋላ ግዙፎቹን ባለረዥም አንገት ቅጠል በሎች ያፈራው ወገን አባል ነው። ጥርሱ ግን የጎበጠ፣ ስስ፣ ባለመጋዝ፣ ንጹሕ የሥጋ በል ጥርስ ነው። በኢኦራፕተርም ላይ በተመሳሳይ መንገድ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ መጀመሪያ የቴሮፖድ ወገን ተባለ፣ በ2011 ደግሞ ተመራማሪዎች ወደዚሁ የባለረዥም አንገቶች መስመር አዛወሩት። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ሥጋ መቁረጥ የዳይኖሰሮች ሁሉ ጥንታዊ ልማድ ከነበረ፣ ያ ጥርስ ከአያት የተወረሰ ነው፤ ከአያት የተወረሰ ነገር ደግሞ ከልጆቹ የትኛው እንደሆነ አይለይም። ዘመድ የሚለየው አንዱ ቅርንጫፍ ብቻውን ያፈራው አዲስ ምልክት ነው። ኋላ የመጡት የቲራኖሳውረስ ወገኖች የፊት ጥርስ ግርጌው ሲቆረጥ ግማሽ ክብ ሆኖ ይታያል፤ ይህ የራሳቸው አዲስ ምልክት ስለሆነ አንዱን ጥርስ ከመሬት አንስቶ የእነሱ ነው ማለት ይቻላል። የትሪያሲክ ሥጋ በሎች ጥርስ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ማግኘት ነው ችግሩ።

ከተቃውሞዎቹ ጠንካራው፣ «ከውጭ አትዩት፤ ሰንጥቃችሁ ከውስጥ እዩት» የሚለው ነው። በ2015 ብሪንክና ባልደረቦቿ የሥጋ በል ዳይኖሰሮችን ጥርስ በቀጭኑ ቆርጠው በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ፣ በጥርሳጥርሶቹ መካከል ወደ ውስጥ ጠልቀው የሚገቡ እጥፋቶች አገኙ። ቀድሞ በማኘክ የመጣ ስንጥቅ ይመስሉ የነበሩት እነዚህ እጥፋቶች ገና ባልበቀሉ ጥርሶችም ውስጥ ተገኙ፤ ስለዚህ አብረው የተሠሩ፣ ጥርሳጥርሱን ከመሰበር የሚያጸኑ ናቸው። ከሌሎች ባለመጋዝ እንስሳት ጋር ሲያነጻጽሯቸውም የሥጋ በል ዳይኖሰሮች መለያ መሰሉ፤ በትሪያሲክ ማብቂያ በኖረው በትንሹ ሲሎፋይሲስ ሳይቀር ተገኝተዋል። በእርግጥ ተስፋ የሚሰጥ ግኝት ነበር፤ እኔም ከቀረቡት መንገዶች ሁሉ የተሻለው ይህ ነው ባይ ነኝ። ነገር ግን በ2020 ሜጋን ዊትኒና ባልደረቦቿ፣ ብሪንክ ራሷም ከመካከላቸው አለች፣ በፐርሚያን ዘመን በኖሩትና በእኛ በአጥቢዎች መስመር ላይ ባሉት ጎርጎኖፕሲያን ጥርስ ውስጥ ተመሳሳይ እጥፋት አገኙ። ጎርጎኖፕሲያን ከትሪያሲክ ዳይኖሰሮች ጋር አልተገናኙምና፣ በቀጥታ ሊምታቱብን አይችሉም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ክርክሩም ልክ ነው። ግኝቱ የሚያስተምረን ግን ሥጋ መቁረጥ የውጩን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን የውስጡንም አሠራር ደጋግሞ ሊወልድ እንደሚችል ነው። ሁለት ጊዜ የተወለደ ነገር ሦስተኛ ጊዜ አይወለድም የሚል ዋስትና የለንም፤ ከትሪያሲክ የአዞ ወገኖች ውስጥ ጥርሳቸው ያልተቆረጠ ብዙ አሉ። ይህ ዘዴ ዋጋም ያስከፍላል፤ ለመመርመር መቁረጥ ግድ ነው፣ አንድ ብቻ ያለውን ጥርስ ማንም በቀላሉ አያስቆርጥም።

ቀጥሎ የሚመጣው የኮምፒውተሩ ተስፋ ነው። ሳይመን ዊልስና ባልደረቦቹ በ2023 ከትሪያሲክ ቀጥሎ ከመጣው የጁራሲክ ዘመን አጋማሽ የእንግሊዝ ድንጋይ የወጡ ጥቃቅን ጥርሶችን መረጃ በሚማር ኮምፒውተር መርምረው፣ በዚያ ዘመን ወደ ወፎች የሚቀርቡ ትናንሽ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች እንደነበሩ አሳይተዋል። ጥሩ ሥራ ነው፤ የሠራበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ በጁራሲክ መካከል እንዲህ ያለ ጥርስ ሊኖራቸው የሚችሉት ወገኖች ዝርዝር ባመዛኙ የታወቀ ነው። ማሽኑ የሚመርጠው ግን ካሳየነው ዝርዝር ውስጥ ነው። የራዊሱኪያን ጥርስ ሳያይ የተማረ ማሽን ራዊሱኪያን ሲቀርብለት ከዳይኖሰሮቹ ሳጥን በአንዱ ያስቀምጠዋል፤ ያውም በመቶኛ የተጻፈ እርግጠኝነት አያይዞ። በ1989 የሬቭዌልቶሳውረስን አጽም ያላየ ሰው የደረሰበትን ድምዳሜ፣ ማሽኑም በዚያው ዓመት ቢጠየቅ ይደግመው ነበር። ስህተቱን የፈጠረው ያልታወቀው እንስሳ ነው፤ ያልታወቀ እንስሳ ደግሞ በየትኛውም ሠንጠረዥ ውስጥ አይገባም።

ከዚህ ተነስቶ ወደ ነገሩ ሥር መግባት ይቻላል። በኋለኞቹ ዘመናት ጥርስን የምናምነው ቅርጹ ስለተለየ ብቻ አይደለም፤ ተቀናቃኞቹ ስለሌሉም ነው። ከ201 ሚሊዮን ዓመት በፊት ትሪያሲክን በዘጋው የጅምላ ጥፋት ራዊሱኪያንና ፋይቶሰሮች ጠፉ፤ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች ሜዳውን ወረሱ። ስለዚህ የጁራሲክን ጥርስ የምንለየው ባመዛኙ በማስቀረት ዘዴ ነው፤ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል ብለን፣ ማንም ሲጠፋ ለቴሮፖድ እንሰጠዋለን። ይህ ዘዴ የነዋሪው ዝርዝር በሌላ ማስረጃ ሲታወቅ ይሠራል። የምንጠይቀው «ዳይኖሰር እዚህ ደርሶ ነበር ወይ?» ብለን ከሆነ ግን ዝርዝሩ ራሱ ጥያቄያችን ነው፤ ዳይኖሰር ነበረ ብለን ጥርሱን እንለያለን፣ በጥርሱም ዳይኖሰር ነበረ እንላለን። ክብ ውስጥ ገባን ማለት ነው። አርጀንቲናዊው ፍሎረንቲኖ አሜጊኖ በዚህ ወጥመድ የተያዘው ከሌላው ጫፍ ነበር። በፓታጎኒያ ከአጥቢ እንስሳት ቅሪት ጋር አብረው የሚወጡትን ባለመጋዝ ጥርሶች የሥጋ በል ዳይኖሰር ናቸው አለ፤ ዳይኖሰር ካለ ድንጋዩ የዳይኖሰር ዘመን ነው፤ እንዲያ ከሆነ እነዚያ አጥቢዎች ከሌላው ዓለም የሚቀድሙ ናቸው። ሕንጻው አምሮ ተሠራ። በ1937 ጆርጅ ጌይሎርድ ሲምፕሰን የእነዚያን ጥርሶች ዓይነት የያዘ ራስ ቅል ገልጦ ሴቤከስ ብሎ ሰየመው፤ ዳይኖሰሮች ከጠፉ ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በኋላ የኖረ፣ የብስ ላይ የሚያድን የአዞ ወገን ነበር። ጥርሶቹ የድንጋዩን ዕድሜ ሊናገሩ ቀርቶ፣ ማንነታቸው የሚታወቀው የድንጋዩ ዕድሜ ሲታወቅ ነበር።

እንግዲህ ጥርሶቹን እንጣላቸው? ይህን የሚል ሰው ቢኖር እኔ ፊት ለፊት እቃወመዋለሁ። ጥርስ ባለቤቱን ባይናገርም ሥራውን በጥሩ ሁኔታ ይናገራል። በ2022 አንቶኒዮ ባሌል፣ ኤሚሊ ሬይፊልድና ማይክል ቤንተን ባለቤታቸው ከአጽማቸው የታወቀ የቀደምት ዳይኖሰሮችን ጥርሶች ቅርጽና ጥንካሬ ከዛሬ እንስሳት ጋር አነጻጽረው፣ የኋለኞቹ ቅጠል በል ግዙፎች ቅድመ አያቶች ሥጋ ይበሉ እንደነበር አሳይተዋል። ይህ ጥርሱን ለሚችለው ሥራ ማሠማራት ነው። ባለቤት አልባ የትሪያሲክ ጥርስም፣ በዚያ ሐይቅ ዳር ምን ያህል መጠን ያላቸው ስንት ዓይነት አዳኞች ይበሉ እንደነበር ይነግረናል፤ የማን ዘር እንደሆኑ ባይነግረንም። የእኔ ሐሳብ ጥርሱ ማስረጃው እስከፈቀደለት ደረጃ ብቻ ይሰየም የሚል ነው። አዞንና ዳይኖሰርን በሚያቅፈው ሰፊ ወገን ውስጥ ያለ ሥጋ በል ብሎ መጻፍ ከበቂ በላይ ነው። ይህ ጥንቃቄ ዋጋ አያስከፍልም አልልም። እውነተኞቹን ቀደምት ዳይኖሰሮች ከቆጠራ ሊያስቀርብን፣ ጅማሬያቸውን ከሆነው በላይ ዘግይቶ እንዲታይ ሊያደርግ ይችላል፤ ባልደረቦቼ ይህን ሲያነሱ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ሁለቱ ስህተቶች እኩል አይደሉም። ሳይሰየም የቀረ ጥርስ መሳቢያ ውስጥ ይጠብቃል፤ አጽሙ ሲገኝ ስሙን ያገኛል። በስህተት የተሰየመ ጥርስ ግን ካርታ ውስጥ ይገባል፣ በካርታው ላይ ሌላ ጥናት ይሠራበታል፣ ያም ጥናት በሌላው ይጠቀሳል፤ ሬቭዌልቶሳውረስን ከዚያ ሰንሰለት ለማውጣት 15 ዓመትና አንድ እድለኛ አጽም ጠይቋል።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ፣ የአባይ ገባሮች በቆረጡት የሙገር የጭቃ ድንጋይ ውስጥ ማርክ ጉድዊንና ባልደረቦቹ በ1999 ያሳወቁት የየብስ እንስሳት ቅሪት የሥጋ በል ዳይኖሰሮችን ጥርስ ይጨምራል፤ የጁራሲክ አጥቢ እንስሳ ቅሪትም በ2007 ከዚያው ተገልጿል። ድንጋዩ የኋለኛው ጁራሲክ፣ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ስለሆነ፣ ጥርሶቹን ቴሮፖድ ማለት በትሪያሲክ ከሚኖረው ስጋት ብዙ የራቀ ነው። ከእነዚያ ንብርብሮች በታች ያለው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ግን በተለምዶ ከትሪያሲክ እስከ ጁራሲክ የሚመደብ ነው። ከሙገር የወጣ ጥርስና ከአዲግራት አሸዋ ድንጋይ የወጣ ጥርስ በማጉያ መነጽር ሥር አንድ ዓይነት ሊመስሉ ይችላሉ፤ አንዱን የሚያሳምነው፣ ሌላውን የሚያጠራጥረው የወጡበት ንብርብር ብቻ ነው። ስለዚህ በገደል ዳር፣ በድንጋይ መፍለጫ ወይም በመንገድ ሥራ ላይ የጎበጠ፣ ጠርዙ መጋዝ የሆነ ጥርስ ያየ ሰው አያንሳው፤ ካነሳውም ከየትኛው ንብርብር እንዳነሳው ቦታው ላይ ምልክት ያድርግ፣ ፎቶግራፍ ያንሳ፣ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቅ። ከቦታው ተነቅሎ በኪስ የመጣን ጥርስ ማንም ባለሙያ የማን እንደሆነ አስተማምኖ ሊነግራችሁ አይችልም።